ቅኔ ሳይቆጥሩ ትርጓሜ የለም፦ የአብነት ትምህርት ቤትና የውበት ቦታው

የመጻሕፍትን ትርጓሜ ሊማር ከመምህር ደጅ የሚቆም ደቀ መዝሙር አስቀድሞ የሚጠየቀው ነገር አለ፤ ቅኔ ተምረሃል ወይ? ዳዊት መድገሙ፣ ጾም ጸሎት ማዘውተሩ፣ አእምሮው ፈጣን መሆኑ ብቻውን አይበቃም። ቅኔ ያልቆጠረ ግእዝን ከነምሥጢሩ አያውቅም፤ ግእዝን ከነምሥጢሩ ያላወቀ ደግሞ የአበውን ቃል ላዩን እንጂ ውስጡን አያገኝም ብለው ሊቃውንቱ ያምናሉ። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ወደ ነገረ መለኮት የሚያስገባው በር ግጥም ነው ማለት ነው። ከግጥሙ በፊት ዜማ አለ፤ ከዜማው ጋርም ከበሮው፣ ጸናጽሉና መቋሚያው አለ።

ዛሬ በምናውቀው ትምህርት ቤት ሥዕልና ሙዚቃ ከሒሳብና ከሳይንስ የተረፈ ሰዓት የሚሰጣቸው፣ ጊዜ ሲጠብም ቀድመው የሚታጠፉ ትምህርቶች ናቸው። በብዙ የሃይማኖት ትምህርት ቤቶችም ትምህርተ ሃይማኖቱ በገለጻ ይሰጣል፤ መዝሙሩ የመርሐ ግብር መክፈቻና መዝጊያ ሆኖ ይቀራል። የአብነት ትምህርት ቤት በብዙ መቶ ዓመታት ውስጥ ያጸናው ሥርዓት ከዚህ ይለያል። ውበትን ከእውቀት በኋላ የሚመጣ ጌጥ ሳይሆን ወደ እውቀት የሚያደርስ መንገድ አድርጎ ያዘው። ያ ሥርዓት እንዴት እንደተሠራ፣ ምን እንደጎዳውና ምን እንዳቆየው ማወቅ ለቤተ ክርስቲያኒቱ ልጆች ብቻ ሳይሆን ልጅ ለሚያስተምር ሁሉ ይጠቅማል።

ከአክሱም ዘመን

በዐድዋ አቅራቢያ ያለው የአባ ገሪማ ገዳም እጅግ ጥንታውያን የሆኑ የወንጌል ብራናዎችን ጠብቆ ኖሯል። በካርቦን በተደረገ ምርመራ ዕድሜያቸው እ.ኤ.አ. ከ330 እስከ 650 ባለው ጊዜ ውስጥ እንደሚውል ታውቋል፤ በዓለም ላይ ሥዕል ካላቸው ጥንታውያን ወንጌሎች ተርታ የሚሰለፉ ናቸው። ወንጌላውያኑ በቀለም ተሥለውባቸዋል። አራቱን ወንጌሎች የሚያነጻጽሩት የቁጥር ሠንጠረዦች እንኳ ሳይቀሩ በዐምድና በቅስት ተከብበው፣ በወፍና በቅጠል አጊጠው ይታያሉ። ክርስትና በአክሱም ምድር ገና ሥር በሚሰድበት ዘመን ቃሉን ከሚጽፈው እጅ ጎን ቃሉን የሚያስጌጥ እጅ ነበረ።

የዜማው መነሻ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ገብረ መስቀል ዘመን የነበረው ቅዱስ ያሬድ ነው። ትውፊቱ እንደሚተርከው ያሬድ በልጅነቱ ትምህርት እንቢ ብሎት ነበር። አጎቱ መምህር ጌዴዎን ቢያስተምሩትም ቢቀጡትም መዝሙረ ዳዊቱ በልቡ አልያዝ አለ። ኮብልሎ ሲሄድ ማይ ኪራሕ በተባለ ስፍራ ከዛፍ ሥር አረፈ፤ እዚያም አንድ ትል ወደ ዛፉ ስድስት ጊዜ ወጥቶ ስድስት ጊዜ ሲወድቅ፣ በሰባተኛው ግን ከፍሬው ሲደርስ ተመለከተ። ወደ መምህሩም ተመልሶ ተማረ፤ ኋላም ከገነት በተላኩ ሦስት አዕዋፍ አማካይነት ሰማያዊውን ዜማ ተቀበለ። በንጉሡ ፊት ባዜመበት ቀን አፄ ገብረ መስቀል በዜማው ተመስጠው የጦራቸውን ጫፍ በያሬድ እግር ላይ ተከሉት፤ ዜማው እስኪፈጸም ድረስ የወጋውም የተወጋውም አላወቁም ይላል ገድሉ።

አንድ የትምህርት ተቋም ስለ አጀማመሩ የሚተርከው ታሪክ የሚያምንበትን ያሳያል። የአብነት ትምህርት ቤት አባቴ ብሎ የሚያከብረው ፈጣኑን ተማሪ አይደለም፤ ትምህርት ከብዶት ያለቀሰውን ነው። ያንን ልጅ የቤተ ክርስቲያን መምህር ያደረገውም ዜማ ነው። የጦሩ ታሪክም ውበት ሥቃይን እስከ ማስረሳት እንደሚደርስ፣ ንጉሥንና ካህንን በአንድ ምስጋና ፊት እኩል እንደሚያቆም ይመሰክራል። ይህን ትምህርት የአብነቱ ልጅ የሚሰማው ፊደል በሚቆጥርበት ዕድሜ ነው።

ጆሮ ከአእምሮ ሲቀድም

ትምህርቱ በቤት በቤት የተከፈለ ነው። በንባብ ቤት ሕፃኑ ፊደል ይቆጥራል፤ ቀጥሎም መልእክተ ዮሐንስን፣ ወንጌለ ዮሐንስን፣ በመጨረሻም 150ውን መዝሙረ ዳዊት ይወጣል። በዚህ የመጀመሪያ ደረጃም ቢሆን ንባብ እንዲያው ፊደል መለየት አይደለም። እያንዳንዱ ቃል ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ሰያፍ ወይም ተጣይ ሆኖ በሥርዓቱ መነበብ አለበት። ወዳቂውን አንሥቶ ያነበበ ልጅ ይታረማል፤ ደግሞ ሲሳሳት ደግሞ ይታረማል። የግእዙን ትርጉም ገና አያውቅም፤ የቃሉን መልክ ግን ያውቃል። ጆሮው ከአእምሮው ቀድሞ ይቀረጻል።

ወደ ዜማ ቤት ሲያልፍ የሚጠብቀው የዓመታት ሥራ ነው። የያሬድ ዜማ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ በሚባሉ ሦስት ስልቶች ይዜማል፤ ሊቃውንቱም በሦስትነታቸው የሥላሴን ምሳሌ ያዩባቸዋል። መጻሕፍቱ ድጓ፣ ጾመ ድጓ፣ ምዕራፍ፣ ዝማሬና መዋሥዕት ናቸው። ከሁሉ የሚሰፋው ድጓ ከመስከረም 1 የዮሐንስ በዓል ተነሥቶ የዓመቱን በዓላትና ወቅቶች እየተከተለ ይሄዳል። ተማሪው የቀን አቆጣጠሩን፣ የቅዱሳኑን ታሪክ፣ የብሉይና የሐዲሱን ምሥጢር የሚያውቀው በድምፅ እያዜመ ነው። ሌላው የዓመቱ ሥርዓትም እንዲሁ ከወቅቱ ጋር ይሄዳል። ከመስከረም 26 ጀምሮ እስከ ኅዳር መግቢያ ባለው በወርኃ ጽጌ ምድሩ አደይ አበባ ሲለብስ ካህናቱ እመቤታችንን በአበባ፣ ልጅዋን በፍሬ እየመሰሉ ሌሊቱን በማኅሌት ያድራሉ። ስደቷንም በዚያው ወቅት ያስባሉ። ልጁ መስኩን አይቶ ይዘምራል፤ ዘምሮም መስኩን እንደገና ያየዋል። ነገረ ማርያምን እንዲህ አድርጎ በልብ የሚያትም ገለጻ አላውቅም።

ዜማው በቃል ብቻ ሲወርድ ሲዋረድ ቆይቶ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የጽሑፍ ምልክት ተበጀለት። ከ1529 እስከ 1543 እ.ኤ.አ. በዘለቀው የግራኝ ጦርነት አብያተ ክርስቲያናትና መጻሕፍት ተቃጥለው፣ ሊቃውንት አልቀው ነበር። ጉዳቱ ገና ባልሻረበት በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን (1540–1559 እ.ኤ.አ.) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉ ሊቃውንት ምልክቱን እንደሠሩ ይነገራል። ከቃላቱ ራስ ላይ በጥቃቅኑ የሚቀመጡት እነዚህ ምልክቶች ድፋት፣ ደረት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክ ይባላሉ፤ ድርስና አንብርም ይታከሉባቸዋል። መምህራኑ ዜማውን ብቻ አስተምረው አያልፉም። ይዘት ጌታችን መያዙን፣ ሂደት ለፍርድ መመላለሱን፣ ጭረት የግርፋቱን ሰንበር፣ ርክርክ የደሙን መንጠባጠብ ያስታውሳል እያሉ ያመሠጥራሉ። ድምፁን የት እንደሚያርገበግብ የሚማረው ልጅ ሕማማተ መስቀሉን አብሮ ይማራል። የድምፁን ሥርዓት ከሃይማኖቱ ነጥሎ ማውጣት አይቻልም፤ አንዱ ሌላውን ተሸክሞታል።

ዜማው ሲበስል ሰውነት ይገባበታል። አቋቋም የሚባለው ትምህርት መቋሚያው እንዴት እንደሚዘመም፣ ጸናጽሉ መቼ እንደሚጸነጸል፣ ከበሮው መቼ ረገድ አድርጎ መቼ እንደሚፈጥን ያስተምራል። ቁም፣ ዝማሜ፣ መረግድ፣ ጽፋትና ወረብ ደረጃ በደረጃ ይመጣሉ። ከበሮው የሚመታበት ሰፊው አፍ የመለኮት፣ ጠባቡ የትስብእት ምሳሌ ነው፤ ጠፍሩም የግርፋቱን ምልክት ያስባል። በደብረ ታቦር የገነነው የተክሌ አቋቋም ከአለቃ ገብረ ሐና ተነሥቶ በልጃቸው በተክሌ ስም እንደጸና ይነገራል፤ ንቅናቄው ነፋስ የሚያወዛውዘውን ሸንበቆ ይመስላል ይባላል። በቀልዳቸው ብቻ የምናስታውሳቸው አለቃ ገብረ ሐና በማኅሌቱ ውስጥ ይህን ያህል ትልቅ ስፍራ አላቸው።

ጠባቂውና ፈጣሪው

ቅኔ ቤት ግን ሌላ ዓለም ነው። ዜማ ቤት ከአባቶች የተቀበሉትን አንዲት ነቁጥ ሳይጥሉ ማቆየትን ያስተምራል፤ ቅኔ ቤት ትናንት ያልነበረን መፍጠርን ያስተምራል። አንድ ጊዜ የተባለ ቅኔ እንደ አዲስ ተደግሞ አይቀርብም። ተማሪው በየቀኑ የራሱን ማምጣት አለበት።

ሥርዓቱ እንዲህ ነው። መምህሩ ቅኔ ይዘርፋሉ፣ ምሥጢሩንም ያሳያሉ፤ ግሱ ይወርዳል፣ አገባቡ ይነገራል። ተማሪው በማግስቱ ወደ ጫካ ወይም ወደ መቃብር ቤት ጥግ ገለል ብሎ ይቆጥራል። ከዚያ ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ይናገራል፤ ይታረማል፣ ይቃናል። በመጀመሪያ ሁለት ቤት (ስንኝ) ያለውን ጉባኤ ቃና ይቆጥራል፤ ቀጥሎ ሦስት ቤት ያለውን ዘአምላኪየ እያለ ወደ ስድስት ቤቱ ሥላሴ፣ ወደ ስምንት ቤቱ መወድስ ይወጣል። ልኩን፣ ዜማውንና ምሥጢሩን በአንድ ጊዜ መጠበቅ አለበት። ቅኔው ሲያምር ጉባኤው በአንድ ድምፅ "ይበል!" ይላል። ያች አንዲት ቃል ለተማሪው ከየትኛውም የምስክር ወረቀት ትበልጣለች።

የቅኔው ስልት ሰምና ወርቅ ነው። አንጥረኛ ቅርጹን በሰም ሠርቶ ወርቁን እንደሚያፈስበት፣ ባለቅኔውም የላዩን ታሪክ አበጅቶ የውስጡን ምሥጢር ያፈስበታል። ለትርጓሜ ቤት ቅኔ የግድ የሆነው ከዚህ የተነሣ ነው። የመጻሕፍቱ መምህር አንዱን ጥቅስ በአማርኛ እየፈቱ "አንድም" እያሉ ሁለተኛና ሦስተኛ ፍች ያወርዳሉ። በአንድ ቃል ውስጥ ሁለት ነገር መስማት ያልለመደ ጆሮ ይህን ሊከታተል አይችልም። ሰምና ወርቅን በገዛ እጁ ያፈሰሰ ሰው ግን መጽሐፍ ቅዱስን ሲሰማ ወርቁን ለመፈለግ ተዘጋጅቶ ነው የሚመጣው። ሰዋስው፣ ታሪክ፣ ትርጓሜና ውበት በአንድ ጉባኤ የተገናኙት በዚህ መንገድ ነው።

እያንዳንዱ ትምህርት ምስክር የሚሆንለት ስፍራ አለው። ድጓ ለማስመስከር ወደ ጋይንት ቤተልሔም፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ወደ ዙር አምባ፣ ለቅዳሴ ወደ ደብረ ዓባይ ወይም ወደ ወሎ ሰለልኩላ፣ ለቅኔ ወደ ዋሸራ፣ ወደ ጎንጅና ወደ ዋድላ፣ ለአቋቋም ወደ ጎንደር ይኬዳል። አገሪቱ በሙሉ አንድ ዩኒቨርሲቲ ነበረች ማለት ይቻላል። ከሸዋ የተነሣ ልጅ ጎጃም ተሻግሮ፣ ጋይንት ገብቶ፣ ጎንደር ከርሞ ሲመለስ ከትምህርቱ ጋር የብዙ አገር ሰው ሆኖ ይመለሳል።

ጎንደር ሲያብብ

በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያጸኑት ሐይቅ እስጢፋኖስ የመጻሕፍትና የትምህርት ማዕከል ሆኖ አቡነ ተክለ ሃይማኖትን ያህል ደቀ መዝሙር አፍርቷል። ሁሉም ቤቶች በአንድ ከተማ ተሰብስበው የተፋፉት ግን በጎንደር ነው። አፄ ፋሲል በ1636 እ.ኤ.አ. ከተማዋን ከመሠረቱ ወዲህ አድባራቱ እየበዙ፣ መምህራኑም በየደብሩ ወንበር እየዘረጉ ሄዱ። አቋቋሙ በላይ ቤትና በታች ቤት ተለየ፤ ትርጓሜ መጻሕፍቱም እንዲሁ የየራሱን ፈለግ ያዘ።

የአድባራቱ ግድግዳም ራሱን የቻለ መምህር ሆነ። አፄ ኢያሱ ቀዳማዊ በመሠረቱት በደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣራው ሥር የመላእክት ፊቶች ተደርድረው ወደ ታች ይመለከታሉ፤ ግድግዳው ሥነ ስቅለቱን፣ ገድለ ቅዱሳኑን፣ ገነትና ሲኦሉን ያሳያል። ማንበብ የማይችል ገበሬ ልጁን ይዞ ግድግዳውን እየዞረ ሃይማኖቱን ያስተምረው ነበር። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ አብዛኞቹ አብያተ ክርስቲያናት ነደዱ፤ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ግን ተረፈች። አብረው የነደዱትን መጻሕፍትና ሥዕሎች ስናስብ የተረፈው ይበልጥ ይከብዳል። መምህራኑ በየገጠሩ ተበትነው ወንበራቸውን እንደገና ዘረጉ፤ ቃልና ድምፅ ከግድግዳ ይልቅ እሳትን ተሻገሩ።

ቤት ያልተሰጠው ጥበብ

ዜማና ቅኔ የየራሳቸው ቤት ሲኖራቸው ሥዕልና ቁም ጽሕፈት ግን እንደዚያ ያለ ወንበር አልተዘረጋላቸውም። ልጁ ከአባቱ ወይም ከአንድ ባለሙያ ሥር ሆኖ እጁን እየተከተለ ይማራል። የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ወጥሮ መፋቅን፣ ጥቁርና ቀይ ቀለም መበጥበጥን፣ ብርዕ ቀርጾ መስመር መጠበቅን ያውቃል። የእግዚአብሔርንና የእመቤታችንን ስም በቀይ ይጽፋል፤ በገጹ ራስ ላይ ሐረጉን ይጥላል። ሠዓሊውም የራሱን ፊደል ይቆጥራል፦ ቅዱሳን ሁለት ዓይናቸው እየታየ ፊት ለፊት ይሣላሉ፤ ሰይጣንና ክፉዎች በጎን፣ በአንድ ዓይን።

የዚህ ሙያ ባለቤቶች በአብዛኛው ስማቸውን አልጻፉም። ከጥቂቶቹ መካከል በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን (1434–1468 እ.ኤ.አ.) የነበረው ፍሬ ጽዮን ይታወቃል፤ በጣና ሐይቅ ዳጋ እስጢፋኖስ የሚገኘው የእመቤታችን ሥዕል የእርሱ ነው። በዚያው መቶ ዓመት መጨረሻ የመጣው የቬኒሱ ሠዓሊ ኒኮሎ ብራንካሌዎን ብዙ ዓመት ኖሮ በአገሩ ልማድ ሥሏል። ኋላም ኢየሱሳውያን ይዘውት የመጡት፣ በሮም ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ያለው የእመቤታችን ሥዕል ቅጅ በኢትዮጵያውያን ሠዓልያን እጅ ምስለ ፍቁር ወልዳ ሆኖ በየመቅደሱ ገባ። ኢየሱሳውያኑ ሲባረሩ ሥዕሉ ቀረ፤ የእጁ አቀማመጥ ከሮም ቢሆንም ዓይኑና ቀለሙ የጎንደር ሆኗል። በራሷ ትምህርት የጸናች ቤት ከውጭ የመጣ ውበት አያስደነግጣትም፤ ተቀብላ የራሷ ታደርገዋለች።

ይሁንና ሥዕል የራሱ ቤት አለማግኘቱ ዋጋ አስከፍሏል። ባለሙያው ሲሞት ሙያው አብሮት ይቀበራል፤ የድጓ መምህር ምስክር እንደሚሰጥ ለሠዓሊ ምስክር የሚሰጥ ጉባኤ አልነበረም። ዛሬ በብዙ አጥቢያ ከማተሚያ ቤት የወጣ፣ ከየትም የተለቀመ ሥዕል በመቅደሱ ተሰቅሎ የምናየው ያ ክፍተት ስላልተሞላ ነው።

ቁራሽና ጉባኤ

ይህን ሁሉ ውበት የተሸከሙት ደሀ ልጆች ናቸው። የቆሎ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ በበትሩ እየመከተ "በእንተ ስማ ለማርያም" ብሎ ከየደጁ ቁራሽ ይለምናል። የተገኘውን ከጓደኞቹ ጋር ተካፍሎ በልቶ በሣር ጎጆ ያድራል። ሌሊት ተነሥቶ ቀለሙን ይቀጽላል። መምህሩ የኔታም ቢሆኑ ከተማሪው ብዙም የተሻለ ኑሮ አይኖሩም። ትምህርቱ የተከፈተው ለመሳፍንት ልጅ ብቻ አልነበረም፤ የደሀ ልጅ በድምፁና በቅኔው ብቻ ከባለወንበር ደረጃ መድረስ ይችል ነበር። ይህ ግን ችግሩን ያስዋበ አይምሰል። በረሃብና በበሽታ ከመንገድ የቀሩት ልጆች ብዙ ናቸው።

ፒያኖ ተጫዋቿ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በጎንደር የያሬድን ዜማ ሲያጠኑ በቤተ ክርስቲያን ደጅ የሚያድሩትን እነዚህን ተማሪዎች በየዕለቱ ያዩ ነበር። በ1967 እ.ኤ.አ. በጀርመን የመጀመሪያ ሸክላቸውን ያስቀረጹት በሙዚቃቸው ገቢ ችግረኞችን ለመርዳት ነው። በኢትዮጵያ ሙዚቃ ታሪክ ከሚከበሩት ሥራዎች አንዱ ለቆሎ ተማሪ ከማዘን የተወለደ መሆኑን ብዙ አድማጭ አያውቅም።

ሌላው መራራ እውነት የሴቶች ጉዳይ ነው። ጉባኤው ለሴት ልጅ በሩን የከፈተው እምብዛም አይደለም። በጎጃም ከቅኔ መምህር የተወለዱት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ የዓይን ብርሃናቸውን በልጅነታቸው አጥተው ሳለ ቅኔን ከአባታቸው ተምረው ወንበር ዘርግተዋል፤ ወንዶች ሊቃውንትንም አፍርተዋል። እርሳቸው የሚያሳዩን ችሎታው እንዳልጎደለ፣ የጎደለው በሩ እንደሆነ ነው።

መንገዱ ሲለያይ

በ1900ዎቹ መጀመሪያ ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት ልጆቹ የውጭ ቋንቋና ሒሳብ መማር ጀመሩ። ቤተ ክርስቲያኒቱ እንዳትሰጋ መምህራኑ ከግብፅ ቅብጦች እንዲመጡ ተደረገ። ዘመናዊው ትምህርት አስፈላጊ ነበር፤ ይሁን እንጂ ሁለቱ ትምህርት ቤቶች ሳይነጋገሩ ጎን ለጎን ማደጋቸው አገሪቱን ጎድቷል። አንደኛው ከደሞዝና ከሹመት ጋር ሲያያዝ ሌላው ከቁራሽ ጋር ቀረ።

ሆኖም የዘመናዊው ኪነ ጥበብ አባቶች ከአሮጌው ጉባኤ ነው የወጡት። ዮፍታሔ ንጉሤ ከደብረ ኤልያስ ቅኔያቸውን ይዘው አዲስ አበባ ገብተው ተውኔት ደረሱ፤ የዘውዱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ግጥምም ጻፉ። በጎጃም የቅኔ ጉባኤ ያደጉት ሀዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት "ፍቅር እስከ መቃብር" የአብነት ተማሪውን በዛብህን የዘመናዊ ልብ ወለድ ባለታሪክ አደረጉት። ከቤተ ክርስቲያን ሠዓልያን ቤተሰብ የተወለዱት አለ ፈለገ ሰላም በቺካጎ ተምረው ሲመለሱ በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አቋቋሙ፤ ዛሬም በስማቸው ይጠራል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የሙዚቃ ትምህርት ቤትም በያሬድ ስም ተሰይሟል። ለሥዕል ቤት የተሠራለት በመጨረሻ ከቤተ ክርስቲያን ግቢ ውጭ ነው፤ ያም ቢሆን በቤተ ክርስቲያን ልጅ እጅ።

በመካከል ከባድ ስብራቶች ደረሱ። በግንቦት 1929 ዓ.ም. የፋሺስት ጦር በደብረ ሊባኖስ መነኮሳቱንና ዲያቆናቱን ሲጨፈጭፍ የጠፋው ነፍስ ብቻ አልነበረም፤ በየልባቸው ያለው ዜማና ትርጓሜም አብሮ ነው የተቀበረው። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ደግሞ ገበሬውን ከጭሰኝነት ነጻ ሲያወጣ ቤተ ክርስቲያኒቱ መምህራኑን የምታኖርበትን መሬት ወሰደ፤ ሌላ መተዳደሪያ ግን በጊዜው አልተበጀላቸውም። ብዙ ወንበር የታጠፈው በእምነት መጥፋት አይደለም፤ በቀለብ መጥፋት ነው።

በዚያው መቶ ዓመት ሰንበት ትምህርት ቤት በየአጥቢያው ተስፋፋ። የከተማው ወጣት በአማርኛ መዝሙር፣ በቃል ጥናትና በድራማ ሃይማኖቱን ተማረ። ሴቶች ልጆች ከበሮ መቱ፣ ወረብ አጠኑ፤ ጉባኤው ለዘመናት የዘጋውን በር ሰንበት ትምህርት ቤቱ በከፊል ከፈተው። በዋሽንግተን፣ በለንደንና በዱባይ የሚያድጉ ልጆችም አማርኛቸው የተሟላ ሳይሆን ወረቡን በቃላቸው ሲያዜሙ መስማት ዛሬ የተለመደ ነው።

የሚቀረን ሥራ

ያልገባቸውን ግእዝ ማዜም ምን ይጠቅማል የሚሉ ወንድሞችና እኅቶች አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ግን ተቋሙ ራሱ ከጥንት ይዞታል፤ የሚዜመው በግእዝ፣ የሚፈታው በአማርኛ ነው። ጥፋቱ የሚመጣው ሁለቱን ስንነጥላቸው ነው። ዜማውን ያለ ትርጓሜ ብንሰጥ ድምፅ ብቻ ይቀራል። ትርጓሜውን ያለ ዜማ ብንሰጥ ደግሞ ልጁ ሰምቶ ይረሳዋል፤ ምክንያቱም በጉሮሮው፣ በእጁና በእግሩ አላለፈም።

ስለዚህ በአዲስ አበባም ይሁን በውጭ አገር ሥርዓተ ትምህርት የሚያዘጋጁ ሰዎች የቀደሙትን ቅደም ተከተል ቢመልሱ ይሻላል። ስለ ጥምቀት ገለጻ ከመስጠት በፊት የጥምቀቱን ዜማ ያስይዙ፤ ከዚያ ይፍቱት። ስለ ስቅለት ከማስረዳት በፊት ልጁን ከሥዕሉ ፊት አቁመው ምን እንዳየ ይጠይቁት። ከፍ ያለው ተማሪ ፈተና ከመጻፉ በተጨማሪ በአማርኛም ቢሆን የራሱን ሁለት ቤት ይቁጠር፤ ያልፈጠረ ተማሪ ገና ግማሽ ተማሪ ነውና። ሠዓልያንና ቁም ጸሐፊዎችም እንደ ድጓ መምህር ወንበርና ምስክር ይኑራቸው። ሴት ልጅ ቅኔ ልማር ብላ ስትመጣ ከልካይ አይገኝባት።

በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ዩኔስኮ የጥምቀትን በዓል የሰው ልጆች የማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስ አድርጎ መዝግቦታል፤ ደስ የሚያሰኝ ነው። መዝገቡ ግን ወረብ አያስጠናም። በጃንሜዳ በነጭ ልብስ ተሰልፈው ዓለም የሚያደንቃቸውን መዘምራን ያፈሩት በየገጠሩ ጎጆ ያሉ መምህራን ናቸው። ጦርነትና መፈናቀል በበዛባቸው በእነዚህ ዓመታትም ወንበራቸውን ሳያጥፉ የቆዩ አሉ። አጥቢያዎችና ማኅበራት ለሕንፃ ከሚያሰባስቡት ገንዘብ ላይ ለአንድ የኔታ ቀለብና ለጥቂት ተማሪዎች ማደሪያ ቢመድቡ ለሚቀጥለው ትውልድ ሊቅ ያተርፋሉ። የተማረ ካህን ያለው አጥቢያ ሕንፃውን ቆይቶም ይሠራዋል፤ መምህር ያጣ ሕንፃ ግን ሊቅ አያፈራም።